አሚኖ አሲድን ከመስታወት ምስሉ የሚለዩ ኤሌክትሮኬሚካል ሴንሰሮች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኤሌክትሮኬሚካል ሴንሰር በፈሳሽ ውስጥ ያለን ነገር በኤሌክትሮድ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ገጽ ላይ በሚፈጥረው ከረንት የሚለካ መሣሪያ ነው። ከቀላሉ ጥያቄ ተነስተን ወደ ከባዱ እንሄዳለን።

የመስታወት ምስል ጥንድ ሲባል ምን ማለት ነው?

ሁለት እጆቻችሁን አስቡ። የጣቶቹ ብዛትም ርዝመትም አንድ ነው፤ የቀኙ ጓንት ግን ግራው ላይ ልክ አይሆንም። አብዛኞቹ አሚኖ አሲዶችም እንዲሁ ናቸው። መሃል ላይ አንድ ካርቦን አለ። ከእሱ ጋር አራት የተለያዩ ነገሮች ተያይዘዋል፦ የአሚኖ ቡድን፣ የካርቦክሲል ቡድን፣ አንድ ሃይድሮጅን፣ እንዲሁም አንዱን አሚኖ አሲድ ከሌላው የሚለየው የጎን ሰንሰለት። አራቱ በካርቦኑ ዙሪያ በሁለት ዓይነት መንገድ ሊቀመጡ ይችላሉ። አንደኛው አቀማመጥ የሌላኛው የመስታወት ምስል ነው። የፈለጋችሁትን ያህል ብታገላብጡት አንዱ በሌላው ላይ ልክክ ብሎ አይደረብም።

እንዲህ ያለው ሞለኪውል ካይራል ይባላል። የአሚኖ አሲድ ጥንዶቹ ደግሞ ኤል እና ዲ ተብለው ይጠራሉ። እንዲህ ያሉ ጥንዶችን ለመጀመሪያ ጊዜ የለየው ሉዊ ፓስተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1848 የታርታሪክ አሲድ ጨው ክሪስታሎችን በማይክሮስኮፕ እያየ አንድ በአንድ ለቅሞ ለያቸው። ሁለቱን ክምር ለየብቻ ውሃ ውስጥ ሲያሟሟቸው አንዱ ፖላራይዝድ ብርሃንን ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ አዞረ።

ሁሉም አሚኖ አሲድ ጥንድ አለው?

ከአንዱ በቀር አዎ። ፕሮቲን ከሚሠሩት ከ20ዎቹ የተለመዱ አሚኖ አሲዶች ውስጥ ግላይሲን ብቻ ጥንድ የለውም፤ የጎን ሰንሰለቱ ራሱ ሃይድሮጅን ስለሆነ ከአራቱ ሁለቱ አንድ ዓይነት ይሆኑበታል። ትሪዮኒን እና አይሶሉሲን በተቃራኒው ሁለት ካይራል ካርቦን ስላላቸው እያንዳንዳቸው አራት ቅርጽ አላቸው። ለሴንሰር ሠሪ ግላይሲን ጥሩ መፈተሻ ነው። የመስታወት ምስል የሌለውን ነገር «ለየሁ» የሚል መሣሪያ ካለ አንድ ቦታ ተሳስቷል።

ኤል ማለት ብርሃንን ወደ ግራ የሚያዞር ማለት ነው?

አይደለም። ይሄ ብዙ ሰው የሚያደናግር ነገር ነው። ኤል እና ዲ የሚሰጡት ሞለኪውሉ ግሊሰራልዲሃይድ ከሚባል ሌላ ሞለኪውል ጋር ባለው የቅርጽ ዝምድና ነው። ብርሃን የማዞሩ ጉዳይ ሌላ ነው። ውሃ ውስጥ ኤል-ሴሪን ወደ ግራ ያዞራል፣ ኤል-አላኒን ግን ወደ ቀኝ።

ሌላኛው የአሰያየም ሥርዓት አር እና ኤስ የሚባለው ነው። ኤል አሚኖ አሲዶች ሁሉም ማለት ይቻላል ኤስ ናቸው። ኤል-ሲስቴይን ግን በሰልፈሩ ምክንያት አር ይሆናል፤ ቅርጹ ተለውጦ ሳይሆን የስም አሰጣጥ ደንቡ ለሰልፈር ቅድሚያ ስለሚሰጥ ነው። ሲስቴይን ላይ የምትሠሩ ከሆነ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ሁለቴ አንብቡ።

ሁለቱን መለየት ምን ይጠቅማል?

ሕይወት ያለው ነገር በሁለቱ መካከል አጥብቆ ስለሚመርጥ ነው። የሰውነታችን ፕሮቲኖች የሚሠሩት ከኤል ነው። ለረጅም ጊዜ ዲ የባክቴሪያ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይታይ ነበር፤ ባክቴሪያዎች በሕዋስ ግድግዳቸው ውስጥ ዲ-አላኒን እና ዲ-ግሉታሚክ አሲድ ይጠቀማሉና። ቫንኮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን የሚያጠቃው የግድግዳው መሥሪያ ጫፍ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡትን ሁለት ዲ-አላኒኖች ይዞ ነው። ከኤል ከተሠራው የሰው ፕሮቲን ጋር ግን እንዲህ አይያያዝም።

በኋላ ግን ዲ በእኛም ውስጥ ሥራ እንዳለው ታወቀ። አንጎል ውስጥ ሴሪን ራሲሜዝ የተባለ ኤንዛይም ኤል-ሴሪንን ወደ ዲ-ሴሪን ይለውጣል። ዲ-ሴሪን ደግሞ ለትምህርትና ለትዝታ ወሳኝ የሆነውን ኤንኤምዲኤ የተባለ ተቀባይ ከግሉታሜት ጋር ሆኖ ያሠራል። ዲ-አስፓርቲክ አሲድም በነርቭና በሆርሞን አመንጪ አካላት ውስጥ ይገኛል። ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ የዲ-ሴሪን ድርሻ ከፍ ይላል፤ ለዚህም ነው ሐኪሞችና ተመራማሪዎች እንደ ሕመም ምልክት የሚከታተሉት። በጥርስ ውስጥ ያለ ኤል-አስፓርቲክ አሲድ ከዕድሜ ጋር ቀስ እያለ ወደ ዲ ስለሚለወጥ በፎረንሲክ ምርመራ የሰውን ዕድሜ ለመገመት ያገለግላል።

መድኃኒት ላይ ደግሞ ጉዳዩ የደኅንነት ነው። ለፓርኪንሰን ሕመም የሚሰጠው ኤል-ዶፓ አሚኖ አሲድ ነው፤ የሚፈለገው ኤል ብቻ ነው። ዊሊያም ኖውልስ ኤልን ለይቶ በብዛት ማምረት የሚያስችል ዘዴ በመሥራቱ እ.ኤ.አ. በ2001 የኬሚስትሪ ኖቤልን ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ተጋርቷል። ፔኒሲላሚን በተቃራኒው ነው፤ ዲው መዳብ በሰውነት ውስጥ ለሚከማችበት የዊልሰን ሕመም መድኃኒት ሲሆን ኤሉ መርዝ ነው። ልዩነቱ ምላስ ላይም ይታወቃል፦ ኤል-ትሪፕቶፋን ይመራል፣ ዲ-ትሪፕቶፋን ይጣፍጣል።

ተራ ኤሌክትሮድ ለምን አይለያቸውም?

ሁለቱ ጥንዶች ክብደታቸው አንድ ነው። የመሟሟት መጠናቸው፣ አሲድነታቸው፣ ኤሌክትሮን የሚለቁበት ቮልቴጅም አንድ ነው። ካይራል ባልሆነ ነገር ፊት በምንም አይለያዩም። ንጹህ የካርቦን ኤሌክትሮድ ደግሞ ካይራል አይደለም። ኤል-ታይሮሲንንም ዲ-ታይሮሲንንም በእኩል ክምችት ብታስገቡ በስክሪኑ ላይ አንድ ዓይነት የከረንት ጉብታ በአንድ ዓይነት የቮልቴጅ ቦታ ታያላችሁ።

ስለዚህ ሴንሰሩ ራሱ ካይራል የሆነ ነገር ሊይዝ ይገባል። ኤሌክትሮዱ ላይ ካይራል የሆነ መራጭ ስታስቀምጡ ኤል ከመራጩ ጋር የሚፈጥረው ጥምረትና ዲ ከመራጩ ጋር የሚፈጥረው ጥምረት የመስታወት ምስል መሆናቸው ይቀራል። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሆኑ ማለት ነው። አንዱ ይበልጥ ይጣበቃል፣ አንዱ ቶሎ ይላቀቃል። ያንን ልዩነት ኤሌክትሮዱ ወደ ከረንት ይለውጠዋል።

ሴንሰሩ ከምን ከምን ይሠራል?

መሠረቱ የተለመደው ባለ ሦስት ኤሌክትሮድ ሴል ነው። የሥራ ኤሌክትሮዱ ብዙ ጊዜ ግላሲ ካርቦን ነው። ማነጻጸሪያው ብር/ብር ክሎራይድ፣ ረዳቱ የፕላቲነም ሽቦ። ሦስቱ ቮልቴጁን ከሚቆጣጠረው ፖቴንሺዮስታት ጋር ይገናኛሉ።

የካርቦኑ ገጽ በደቃቅ የአልሙና ዱቄት ይወለወልና ይታጠባል። ከዚያ ኤሌክትሪክ በደንብ የሚያስተላልፍና ስፋት የሚጨምር ነገር ይቀባል፤ ግራፊን፣ ካርቦን ናኖቲዩብ ወይም የወርቅ ናኖ ቅንጣት። በላዩ መራጩ ይቀመጣል። ብዙዎች ጥቂት ማይክሮሊትር አንጠባጥበው ያደርቁታል። ቀላል ነው፤ ግን ሲደርቅ ጠርዙ ላይ ይወፍራል፣ መሃሉ ይሳሳል፤ ከኤሌክትሮድ ኤሌክትሮድ ለሚታየው መለያየት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። መራጩን በኬሚካላዊ ቦንድ ማሰር ወይም እዚያው ኤሌክትሮዱ ላይ በኤሌክትሪክ ፖሊመር (ረጅም የሞለኪውል ሰንሰለት) አድርጎ ማሳደግ ይሻላል።

የትኛው መራጭ ይሻላል?

እንደ አሚኖ አሲዱ ነው። በብዛት የሚሠራበት ቤታ-ሳይክሎዴክስትሪን ነው። 7 የግሉኮስ አሃዶች ቀለበት ሠርተው የተያያዙበት፣ መሃሉ ባዶ የሆነ ስኳር ነው። የባዶው ስፋት 0.6 ናኖሜትር ገደማ ስለሆነ የታይሮሲንና የትሪፕቶፋን ቀለበቶች ይገቡበታል። የቀለበቱ አፍ ላይ ያሉት የሃይድሮክሲል ቡድኖች ደግሞ ለሃይድሮጅን ቦንድ ዝግጁ ናቸው። እንደ አላኒን ላለ ትንሽ አሚኖ አሲድ ግን ባዶው በጣም ሰፊ ነው፤ ገብቶ የሚጨብጠው ነገር አያገኝም።

ከተፈጥሮ የሚገኝ የስኳር ሰንሰለት የሆነው ካይቶሳን ርካሽ ነው፣ በቀላሉ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ለዚህ ነው በየጥናቱ የሚታየው። ፕሮቲኖችም ያገለግላሉ። ለምሳሌ በደም ውስጥ ያለው አልቡሚን ኤል-ትሪፕቶፋንን ከዲው በብዙ እጥፍ አጥብቆ ይይዛል። ነገር ግን ፕሮቲን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ ሙቀትም አይወድም። ከመዳብ ጋር የሚሠራም መንገድ አለ፦ ኤሌክትሮዱ ላይ አንድ ኤል አሚኖ አሲድ ይታሰራል፣ የመዳብ አዮን ይይዛል፣ መዳቡ ደግሞ የሚመጣውን አሚኖ አሲድ በአሚኖውና በካርቦክሲሉ ይጨብጠዋል። ይህ የጎን ሰንሰለት ሳይመርጥ ለብዙ አሚኖ አሲድ ስለሚሠራ በግሌ ከሚገባው ያነሰ ትኩረት የተሰጠው ይመስለኛል።

ሌላው ቅርጽ የታተመበት ፖሊመር ነው። ለምሳሌ ፓይሮል የተባለው ሞለኪውል ኤል አሚኖ አሲድ ባለበት ኤሌክትሮዱ ላይ ፖሊመር እንዲሆን ይደረጋል። ከዚያ አሚኖ አሲዱ ታጥቦ ይወጣና የእሱ ቅርጽ ያለው ጉድጓድ ይቀራል። ጥንካሬው ጥሩ ነው፣ ለፈለጋችሁት አሚኖ አሲድ ማዘጋጀት ይቻላል። ችግሩ ማጠቡ ነው። ውስጥ የቀረ ትንሽ ኤል ካለ በመለኪያ ጊዜ ቀስ እያለ ይወጣና ውጤቱን ያበላሻል።

ልዩነቱ ስክሪን ላይ ምን ሆኖ ይታያል?

ትሪፕቶፋንን እንውሰድ። የቀለበቱ ክፍል ኤሌክትሮን ይለቃል፤ ካርቦን ላይ፣ በገለልተኛ ፒኤች፣ ከብር/ብር ክሎራይድ አንጻር ከ0.7 እስከ 0.9 ቮልት አካባቢ። ዲፈረንሺያል ፐልስ ቮልታሜትሪ በተባለው ዘዴ ቮልቴጁ በትንንሽ ደረጃ ከፍ እያለ ይሄዳል። መስመሩ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቆይና እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ጉብ ይላል፣ ተመልሶ ይወርዳል። የጉብታው ቁመት የከረንቱ መጠን ነው።

መራጭ ባለው ኤሌክትሮድ ኤልን ስትለኩ አንድ ጉብታ፣ ኤሌክትሮዱን አጥባችሁ ዲን ስትለኩ ሌላ ጉብታ ታገኛላችሁ። አንዱ ከሌላው ይረዝማል። የሁለቱ ቁመት ሬሾ የመለየት አቅሙ መግለጫ ይሆናል። አንዳንዴ ጉብታዎቹ በቦታም በጥቂት አሥር ሚሊቮልት ይራራቃሉ። እኔ ከቁመት ይልቅ የቦታ መራራቅን አምናለሁ። ቁመት አሚኖ አሲዱ ሲመዘን በተፈጠረ ስህተት ወይም በኤሌክትሮዱ ስፋት ሊለወጥ ይችላል። ቦታው ግን እንዲህ በቀላሉ አይነቃነቅም፤ ፒኤቹ እስካልተለወጠና ማነጻጸሪያው እስካልተበላሸ ድረስ።

ኤሌክትሮን የማይለቁ አሚኖ አሲዶችስ?

በተራ ካርቦን ላይ በቀላሉ የሚለኩት ጥቂት ናቸው፤ ታይሮሲን፣ ትሪፕቶፋን፣ ሲስቴይን በዋናነት። አላኒን፣ ቫሊን፣ ሴሪን እና የመሳሰሉት በዚያ ቮልቴጅ ዝም ናቸው። እነሱን በተዘዋዋሪ ነው የምትይዟቸው።

አንዱ መንገድ ኤሌክትሮን በቀላሉ የሚለዋወጡትን ፌሮሲያናይድና ፌሪሲያናይድ እንደ ጠቋሚ መጨመር ነው። አሚኖ አሲዱ መራጩ ላይ ሲቀመጥ ጠቋሚው ወደ ኤሌክትሮዱ የሚደርስበት መንገድ ይጠባል። የጠቋሚው ከረንት ይወርዳል፣ ወይም በኢምፒዳንስ (ለተለዋዋጭ ከረንት ያለውን ተቃውሞ በሚለካ ዘዴ) ሲለካ የኤሌክትሮን ማለፊያ ተቃውሞው ይጨምራል። በርትቶ የሚጣበቀው ቅርጽ የበለጠ ያግዳል። ሁለተኛው መንገድ ኤንዛይም ነው።

ኤንዛይም እያለ ሌላው ሁሉ ለምን ያስፈልጋል?

ዲ-አሚኖ አሲድ ኦክሲዴዝ የተባለው ኤንዛይም እ.ኤ.አ. በ1935 በሃንስ ክሬብስ ነው የተገኘው። ዲን ከኦክስጅን ጋር ያዋህድና ኬቶ አሲድ፣ አሞኒያ እና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያወጣል። ኤልን አይነካውም። ፐርኦክሳይዱን ፕላቲነም ላይ ከ0.6 እስከ 0.7 ቮልት አካባቢ መለካት ቀላል ነው። ኤሌክትሮዱ ፕሩሺያን ብሉ በተባለ ሰማያዊ የብረት ውህድ ከተሸፈነ ደግሞ 0 ቮልት አካባቢ ይቻላል፤ በዚያ ቮልቴጅ ሌሎች ነገሮች ጣልቃ አይገቡም። ሮዶቶሩላ ግራሲሊስ ከተባለ እርሾ የሚገኘው ኤንዛይም በእንስሳት አንጎል ውስጥ ዲ-ሴሪንን በቀጥታ ለሚከታተሉ ደቃቅ ሴንሰሮች ውሏል። በመለየት አቅም ከዚህ ጋር የሚወዳደር ሰው ሠራሽ መራጭ እምብዛም ነው።

ግን ጉድለት አለው። ዲ መሆኑን ይነግራችኋል እንጂ የትኛው ዲ እንደሆነ አይነግራችሁም፤ ዲ-አላኒንም፣ ዲ-ፕሮሊንም፣ ዲ-ሴሪንም ምላሽ ይሰጣሉ። ዲ-አስፓርቲክና ዲ-ግሉታሚክ አሲድን ደግሞ በደንብ አይሠራባቸውም፤ ለነሱ ዲ-አስፓርቴት ኦክሲዴዝ ያስፈልጋል። የኦክስጅን መጠን ሲቀንስ ምልክቱም ይቀንሳል። በዚያ ላይ ኤንዛይም ይሞታል፤ መደርደሪያ ላይ ወራት መቆየት ለሚገባው ሴንሰር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ኤሌክትሮዱ ለምን ከጥቂት መለኪያ በኋላ ይደክማል?

ታይሮሲን ኤሌክትሮን ሲለቅ ራዲካል፣ ማለትም ብቻውን የቀረ ኤሌክትሮን ያለውና ከሌላ ጋር ለመጣመር የሚቸኩል ሞለኪውል ይሆናል። ራዲካሎቹ እርስ በርስ ተጣምረው ኤሌክትሮዱ ላይ ስስ ፖሊመር ይሠራሉ። ፖሊመሩ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ሁለተኛው መለኪያ ከመጀመሪያው ያንሳል፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው። ኤልን ሁልጊዜ ቀድማችሁ፣ ዲን ተከትላችሁ የምትለኩ ከሆነ በዚህ ብቻ «ኤል ይበልጣል» የሚል ውጤት ይወጣል። ቅደም ተከተሉን አቀያይሩ፤ ከተቻለ ለእያንዳንዱ መለኪያ አዲስ ገጽ ተጠቀሙ።

ከኤችፒኤልሲ ይሻላል?

ኤችፒኤልሲ ናሙናን በግፊት ኮለም በተባለ የታጨቀ ቱቦ ውስጥ እያሳለፈ የሚለይ መሣሪያ ነው። በትክክለኛነት ሴንሰሩ ከእሱ አይሻልም። ካይራል ኮለም ያለው ኤችፒኤልሲ ሁለቱን በጊዜ ይለያያቸዋል፤ ሁለት የተለያዩ ጉብታዎች ይወጣሉ፣ ሌላውም ቆሻሻ አብሮ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1984 የቀረበው የማርፊ ሪኤጀንት ደግሞ አሚኖ አሲዱን አስቀድሞ ከካይራል ነገር ጋር በማያያዝ በተራ ኮለም እንኳ መለየት አስችሏል።

የሴንሰሩ ብልጫ ሌላ ነው። መሣሪያው ትንሽና ርካሽ ነው፣ ውጤቱ በደቂቃ ይደርሳል፣ ሟሟ ኬሚካል አይፈጅም፣ ናሙናው ካለበት ቦታ ድረስ ሊሄድ ይችላል። በፋብሪካ ውስጥ የኤል-ዶፓ ንጽህና በየሰዓቱ መከታተል ለሚፈልግ ሰው፣ ወይም ሕያው አንጎል ውስጥ ለውጡን በሰከንድ ለሚከታተል ተመራማሪ ኮለም አይመችም። ለአቤቱታ ወይም ለፍርድ የሚቀርብ ቁጥር ከሆነ ግን ኤችፒኤልሲ ጋ ሂዱ።

ሁለቱ ተቀላቅለው ሲመጡስ መለየት ይቻላል?

እውነተኛው ፈተና እዚህ ጋ ነው። አብዛኛው ጥናት ኤልን ለብቻ፣ ዲን ለብቻ ይለካል። እውነተኛ ናሙና ግን ቅልቅል ነው። ሁለቱ ጉብታዎች በጥቂት አሥር ሚሊቮልት ብቻ ስለሚራራቁ ተደርበው አንድ ሰፊ ጉብታ ይሆናሉ። ከአንድ ጉብታ የምታገኙት አንድ ቁጥር ነው፤ የማታውቁት ግን ሁለት ነገር ነው፣ የኤልና የዲ መጠን። አንድ እኩልታ ለሁለት ያልታወቀ አይበቃም።

መውጫው ሁለተኛ መለኪያ መጨመር ነው። ካይራል ያልሆነ ኤሌክትሮድ ድምሩን ይነግራችኋል፤ ካይራሉ ድርሻውን። ወይም ሁለት ኤሌክትሮድ፣ አንዱ በአንድ መራጭ፣ ሌላው በዚያው መራጭ የመስታወት ምስል ተዘጋጅተው ጎን ለጎን ይለካሉ። ድምሩ አስቀድሞ የታወቀ ከሆነ፣ ለምሳሌ የመድኃኒት ንጽህና ሲፈተሽ፣ ሥራው ይቀላል፤ ከ0 እስከ 100 በመቶ የተለያየ የኤል ድርሻ ያላቸውን ቅልቅሎች ለክቶ መስመር ማውጣት ይበቃል።

የሁለት እጥፍ ልዩነት ካገኘሁ በቂ ነው?

ለምን እንደፈለጋችሁት ይወሰናል። በሒሳብ እንየው። ሴንሰሩ ለዲ የሚሰጠው ምልክት ለኤል ከሚሰጠው እጥፍ ነው እንበል። በደም ናሙና ውስጥ ዲው 1 በመቶ፣ ኤሉ 99 በመቶ ቢሆን፣ ምልክቱ ዲ ጨርሶ ከሌለበት ናሙና የሚበልጠው በ1 በመቶ ብቻ ነው። አንድ ዓይነት ተደርገው የተሠሩ ሁለት ኤሌክትሮዶች ግን በመካከላቸው ከዚያ በላይ ይለያያሉ። ስለዚህ ዲውን አላያችሁትም።

50 በ50 የሆነን ቅልቅል ከንጹህ ኤል ለመለየት ግን ያው ሴንሰር ደህና ይሠራል። ብዙ ጽሑፎች የሁለት ወይም የሦስት እጥፍ ሬሾ አስቀምጠው መጨረሻ ላይ «ለሕመም ምርመራ ተስፋ ሰጪ» ይላሉ። ለሕመም ምርመራ በኤል ባሕር ውስጥ ያለችውን ትንሽ ዲ ማግኘት ያስፈልጋል። እዚያ ያደረሱን እስካሁን በዋናነት ኤንዛይሞች ናቸው።

ልዩነቱ ለምን እንዲህ ትንሽ ይሆናል?

ጉልበቱ ትንሽ ስለሆነ ነው። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ መራጩ አንዱን ከሌላው ሁለት እጥፍ እንዲመርጥ የሚያስፈልገው የጉልበት ልዩነት በሞል 1.7 ኪሎጁል ብቻ ነው። አሥር እጥፍ ለመድረስ 5.7 ኪሎጁል ያስፈልጋል። አንድ ደህና የሃይድሮጅን ቦንድ በግምት 20 ኪሎጁል ነው። ማለትም ጠቅላላ ጨዋታው የአንድ ሃይድሮጅን ቦንድ ቁራጭ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1933 ኢሰን እና ስቴድማን ያቀረቡት ሐሳብ እዚህ ጋ ይረዳል። ኤልን ከዲ ለመለየት መራጩ ቢያንስ በሦስት ነጥብ መገናኘት አለበት። ሁለት ነጥብ ቢሆን ሁለቱም ጥንዶች ዞር ብለው ይገጥማሉ። ሦስተኛው ነጥብ መሳብ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ቦታ አጥቶ መጋጨትም ይቆጠራል። ለዚህ ነው ፒኤችም ሙቀትም ወሳኝ የሚሆኑት። ፒኤች የአሚኖውንና የካርቦክሲሉን ቻርጅ ይለውጣል፤ አንዱ ነጥብ ከጠፋ መለየቱም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ሙቀት ሲጨምር አብዛኛውን ጊዜ ልዩነቱ ይሳሳል።

ደም ውስጥ በቀጥታ ይሠራል?

በከባዱ። ደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ በመቶዎች የሚቆጠር ማይክሮሞላር ሲሆን ትሪፕቶፋን በአሥሮች ነው። ዩሪክ አሲድና አስኮርቢክ አሲድ ከትሪፕቶፋን ባነሰ ቮልቴጅ ኤሌክትሮን ስለሚለቁ ጉብታቸው ቀድሞ ይመጣል፤ ጅራቱ ግን ይረብሻል። የታይሮሲንና የትሪፕቶፋን ጉብታዎችም ጎረቤት ናቸው። በዚያ ላይ አብዛኛው የደም ትሪፕቶፋን አልቡሚን ላይ ተጣብቆ ነው የሚገኘው፤ ኤሌክትሮዱ የሚያየው ነጻውን ብቻ ነው። ፕሮቲኑ ደግሞ ራሱ ኤሌክትሮዱ ላይ ይለጠፋል።

«በደም ናሙና ተሞክሯል» የሚል ሲታይ ደሙ ስንት እጥፍ እንደተቀጠነና አሚኖ አሲዱ ከውጭ ተጨምሮ እንደሆነ ማየት ጥሩ ነው። ከውጭ የተጨመረን መልሶ መለካትና ደም ውስጥ የነበረውን ማግኘት እኩል አይደሉም።

ብረቱ ራሱ ካይራል ሊሆን ይችላል?

ይችላል። ፕላቲነም ክሪስታል በተወሰነ አንግል ሲቆረጥ ገጹ ላይ የሚወጡት ደረጃዎችና ማዕዘኖች የግራ ወይም የቀኝ ቅርጽ ይኖራቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ እንዲህ ባለ የፕላቲነም ገጽ ላይ ዲ-ግሉኮስና ኤል-ግሉኮስ በተለያየ ፍጥነት ኤሌክትሮን እንደሚለቁ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ የቦርዶው የአሌክሳንደር ኩን ቡድን ከሌሎች ጋር ሆኖ ካይራል ሞለኪውል ባለበት ፕላቲነምን በማሳደግ፣ ሞለኪውሉ ሲወጣ ቅርጹን ይዞ የሚቀር ቀዳዳማ ብረት ሠርቷል። በዚያው ዓመት በጣሊያን ተመራማሪዎች የቀረቡት መላ አካላቸው የተጠማዘዘ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ፖሊመሮች ደግሞ ጉብታዎቹን በመቶ ሚሊቮልት ደረጃ አራርቀዋል። ቅልቅልን በአንድ ስካን ለመለየት ተስፋ የምጥለው በዚህ መንገድ ላይ ነው።

ሌላው አዲስ በር የኤሌክትሮን ስፒን ነው፤ ኤሌክትሮን ያለው፣ ሁለት አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ ማግኔታዊ ባሕርይ ማለት ነው። ከሮን ናማን ቡድን እ.ኤ.አ. በ1999 ከወጣው ሥራ ጀምሮ፣ ኤሌክትሮን በካይራል ሞለኪውል ሽፋን ውስጥ ሲያልፍ አንዱ የስፒን አቅጣጫ ከሌላው በቀለለ እንደሚያልፍ ታይቷል። ማግኔታዊ ኤሌክትሮድ በመጠቀም ይህን ለመለያ የሚሞክሩ አሉ። ምክንያቱ በቲዎሪ ገና እያከራከረ ነው።

ያገኘሁት ልዩነት እውነተኛ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መራጩን በመስታወት ምስሉ ተኩ። ኤል-ሲስቴይን የለበሰ ኤሌክትሮድ ኤልን ከመረጠ፣ ዲ-ሲስቴይን የለበሰው ዲን በዚያው መጠን መምረጥ አለበት። ተፈጥሮ እዚህ ላይ ድርድር አታውቅም። ውጤቱ ካልተገለበጠ ያያችሁት ነገር መለየት አይደለም፤ የናሙና ንጽህና፣ የክብደት ስህተት ወይም የደከመ ኤሌክትሮድ ነው። ይህን ሙከራ ያላካተተ ጽሑፍ ሲገጥመኝ ቁጥሩን በጥርጣሬ ነው የማነበው።

ሳይክሎዴክስትሪንና ካይቶሳን ከተፈጥሮ ስለሚመጡ የመስታወት ምስላቸው በቀላሉ አይገኝም። ያኔ ሌላ ማረጋገጫ ይፈለጋል። መራጩ የሌለበት ግን በሌላው ሁሉ እኩል የሆነ ኤሌክትሮድ ሬሾው 1 መሆን አለበት። ኤልና ዲውም ከአንድ አምራች፣ በንጽህናቸው ተፈትሸው መምጣት አለባቸው።

እኔ ኤል ይበልጣል አልኩ፣ ሌላ ሰው በዚያው መራጭ ዲ ይበልጣል አለ። ማን ተሳሳተ?

ሁለታችሁም ላትሳሳቱ ትችላላችሁ። መራጩ ኤልን አጥብቆ ያዘ እንበል። የሽፋኑ ውስጠኛ ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ከሆነ፣ የተያዘው ኤል ኤሌክትሮዱ አጠገብ ይከማቻል፣ ከረንቱ ይጨምራል። ሽፋኑ ወፍራም ከሆነና የማያስተላልፍ ከሆነ ግን ያው ኤል ከኤሌክትሮዱ ርቆ ላይኛው ንብርብር ላይ ታግቶ ይቀራል። ያልተያዘው ዲ አልፎ ይደርሳል፣ የዲ ከረንት ይበልጣል። የመያዝ አቅሙ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሽፋኑ ውፍረትና የኤሌክትሮን መንገዱ ነው።

ስለዚህ የከረንት ሬሾ ብቻውን የትኛው ይበልጥ እንደተያዘ አይነግርም። ኤሌክትሪክ የማይነካው ሌላ መለኪያ ጨምሩ። ለምሳሌ እጅግ ትንሽ ክብደትን በክሪስታል ንዝረት በሚለካው ኳርትዝ ክሪስታል ማይክሮባላንስ ላይ ያንኑ መራጭ ቀብታችሁ የትኛው ቅርጽ የበለጠ ክብደት እንደሚጨምር እዩ፤ ወይም መራጩንና አሚኖ አሲዱን በፈሳሽ ውስጥ አገናኝታችሁ በአልትራቫዮሌት ስፔክትረም ለኩት። ከዚያ የሽፋኑን ውፍረት ከስስ ወደ ወፍራም እየለዋወጣችሁ ድገሙ። ሬሾው በአንድ ውፍረት ላይ ከተገለበጠ የሁለታችሁም ውጤት የዚያው መስመር ሁለት ነጥቦች ናቸው።